ኩብራን በግብረገብ ለጣሉልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ህሩይ ገብሬ
የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ፣ ወገብዎስ ተሻለዎት ወይ እላለሁ። ባለፈው ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ ተነሥተው መንገዱ ለወገብ አይሆንም ተብለው መመለስዎን ስንሰማ የመምህራን ክፍሉ በሙሉ አዝኗል። ልጆቹ በየቀኑ በእግራቸው የሚመጡበት መንገድ የእርስዎን መኪና ለማስተናገድ ሥርዓት ስለጎደለው በመንገዱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ሚልካ ደበሌ እባላለሁ። ከጭሮ ወደ በደሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሿ ከተማችን፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ የግብረገብ መምህርት ነኝ። ከተመረቅሁ ብዙ ስላልቆየሁ የምረቃ ፎቶዬ ቦኬ ከተማ ባለው የአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ገና አቧራ አልጠጣም። አባቴ ወንጌላዊ ነውና ለእርስዎ ልጽፍ መሆኔን ስነግረው «ልጄ፣ ለሹም ስትጽፊ አስቀድመሽ አመስግኚ፤ የተመሰገነ ሰው ቢያንስ እስከ መጨረሻው ያነባል» ብሎ መክሮኛል። የአባትን ምክር መስማት በመማሪያ መጽሐፋችን በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚገኝ ስለሆነ በምስጋና እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማሻሻያው አመሰግናለሁ። መምህራንን በአዳራሽ ሰብስበው «የትውልዱ ችግር የግብረገብ ችግር ነው፤ ድህነትም ቢሆን ያለው ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ነው» ሲሉ ከልባቸው ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ይህን ለማሾፍ አልጻፍኩትም፤ በእውነት አጨብጭቤያለሁ። ልጅ እውነት መናገርን፣ የሰው አለመንካትን፣ ታላቁን ማክበርን ከፊደል ጋር አብሮ ቢማር አገር ይለወጣል ብዬ አምን ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አሁንም አምናለሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው መምህርት ሙሉወርቅ ግን፣ ጸጉሯ ከጠመኔው ጋር አብሮ የነጣ ነባር መምህርት ናት፣ እጇን አጣጥፋ ትመለከት ነበር። ለምን እንደማታጨበጭብ ብጠይቃት «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ማሻሻያ ቀብሬያለሁ፤ እጄን ለለቅሶ ነው የማስቀምጠው» አለችኝ። ክፉ ሴት መሰለችኝ።

ያን ዕለት እጄን አውጥቼ፣ ምሳ ሳይቀምሱ ለሚመጡት የከሰዓት ፈረቃ ልጆች ምን እንደታሰበ ጠይቄዎት ነበር። እርስዎም በትሕትና «ምገባ የሌላ ዘርፍ ጉዳይ ነው፤ እኛ የያዝነው ሥነ ምግባሩን ነው» ብለው መለሱልኝ። ሆድና ምግባር በየራሳቸው ቢሮ እንደሚሠሩ በዚህ ተረዳሁ። ዩኒቨርሲቲ ያልነገረኝን ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መማሪያ መጽሐፉ አመሰግናለሁ። ለመላው ክፍል አንድ መጽሐፍ ብቻ በመላክዎ ገና ሽፋኑን ሳንገልጥ መካፈልን አስተማሩን። ውስጡም መልካም ነው። አንደኛው ገጽ ላይ አንድ ልጅ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ፊቱ ተደርድሮለት ፈገግ ብሎ ተቀምጧል፤ ከሥሩም «ቁርሳችንን በሥርዓት እንመገብ» ይላል። መጽሐፉን ከፍ አድርጌ ሳሳያቸው ቦንሳ የሚባለው የኋላ መደዳ ነገረኛ «ቲቸር፣ ልጁ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ምንም አልሆነም ስለው «ታዲያ እንቁላልና ወተት ምን አሰጠው? ታሞ ነው እንጂ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ በረድ ሲል ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን ዘርግታ የሥዕሉን ልጅ ግንባር ዳበሰችና «አላህ ያሽረው» አለች። እሷ ኩብራ ናት። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ ስለ እሷ ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ወገብዎን ደገፍ አድርገው ያንብቡልኝ።

እርስዎ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆኑ የጫት ተራን ላስረዳዎ ብል ድፍረት ይሆንብኛል። ይህ ለሁሉም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ነውና ለሌላው አንባቢ ስል ይታገሡኝ። ጠዋት ጫቱ ከገጠር ሲወርድ ነጋዴው መሬት ላይ ሸራ ያነጥፋል። አሳሪዎቹ ሸራው ላይ ተቀምጠው ጥሩ ጥሩውን እየመረጡ ያስሩና በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላሉ፤ ለኢሱዙው ጭነት የማይበቃው ውዳቂ ቅጠልና ቀንበጥ እዚያው ሸራው ላይ ይቀራል። ይህ ውዳቂ ገራባ ይባላል። ድሆቹ እናቶችና ልጆቻቸው በሸራው ዙሪያ ቁጢጥ ብለው ይጠብቃሉ። ሸራው ላይ እስካለ ድረስ ገራባውም የነጋዴው ነው፤ ማንም እጁን አይሰድም። ሥራው ሲያልቅ ነጋዴው ሸራውን በጫፍ በጫፉ አንሥቶ ያራግፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ መሬት የነካው ሁሉ የለቃሚ ነው። ይህን ሕግ የጻፈው የለም። ሲፈርስም አላየሁም።

ኩብራ ጠዋት ጠዋት ከእናቷ ጋር ገራባ ትለቅማለች። ለፍየላቸው የሚሆነውን ይለያሉ፣ የተሻለውን እናቷ ለማይመርጡ ደንበኞች ትሸጣለች፣ ኩብራም እግሯን ታጥባ ለከሰዓቱ ፈረቃ ወደ እኔ ትመጣለች። ቀርታ አታውቅም። አንድ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ታናሽ ወንድሟ ኢዘዲን ከሸራው ላይ አንዲት ቀንበጥ በዝግታ ወደ ራሱ ሲስብ አየችውና እጁን ቸብ አደረገችው። «መልስ። ገና አልተራገፈም፤ የሰው ነው» አለችው። ልጁ እያጉረመረመ መለሰ። ነጋዴው አላየም ነበር። እኔ የዚያን ሳምንት የታማኝነትን ምዕራፍ በምን ምሳሌ እንደማስጀምር ስጨነቅ ነበርና ምሳሌውን ከጫት ተራ ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ።

እንግዲህ ግብረገብ በወረቀት አይለካም፣ በቃል ይፈተን ብለው ገምጋሚ ቡድን የላኩልን ጊዜ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርዎት። ግብረገብን ያላለፈ ተማሪ ሌላውን ትምህርት ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ወደሚቀጥለው ክፍል አይዛወርም የሚለው አዲሱ መመሪያዎ ትንሽ ቢያስፈራኝም ስለ ልጆቼ አልሰጋሁም። ከባንዲራው ሥር ጠረጴዛ ቀረበ፣ ጨርቅ ለበሰ፣ የታሸገ ውሃ ተደረደረ። ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው በሰልፍ ቆሙ። የኩብራ ተራ ሲደርስ ሰብሳቢው የጠየቋትንና የመለሰችውን ከዚህ በታች አሰፍራለሁ፤ የተናገረችው በኦሮምኛ ሲሆን ወደ አማርኛ ስመልሰው ቃል አልጨመርኩም።

«መሬት ላይ ወድቆ ያገኘሽውን ዕቃ ምን ታደርጊዋለሽ?» አሏት። ትንሽ አሰበችና «ሸራው ተራግፎ ከሆነ አነሣዋለሁ፤ ካልተራገፈ አልነካም» አለች። «የምን ሸራ?» ሲሏት «የጫት»፣ «የወደቀ ጫት ታነሺያለሽ?» ሲሏት «አዎ»፣ «በየቀኑ?» ሲሏት «እናቴን ካላመማት፣ አዎ» አለች። የቡድኑ አባላት ተያዩ። የመልስ ቁልፉ «ለባለቤቱ እመልሳለሁ» የሚል ነውና ነገሩን ላስረዳ ብድግ ብል «መምህርት፣ ተማሪዋን አትርጂ» ተባልኩ። ተማሪን መርዳት ደንብ መጣስ መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

ቀጥለው «ቁርስ ከመብላትሽ በፊት ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት። እጄን እታጠባለሁ ማለት ነበረባት፤ አስተምሬያታለሁ። እሷ ግን ስለ መጽሐፉ ቁርስ የተጠየቀች አልመሰላትም፤ ስለ ራሷ ቁርስ መሰላት። «እናቴ በልታ እንደሆነ አያለሁ» አለች። ሰብሳቢው «ካልበላችስ?» ብለው አጥብቀው ጠየቋት። «ካልበላች፣ እኔ በልቻለሁ እላታለሁ።»

የቡድኑ ጸሐፊ ይህንን ሲጽፍ አየሁት። በማግሥቱ በደረሰን ውጤት ላይ እንደሰፈረው፣ ተማሪ ኩብራ የሰው ንብረት ታነሣለች፣ ወላጇን ትዋሻለች፣ ስለ ግል ንጽሕና ግንዛቤ የላትም። በሒሳብ ከክፍሏ የሚቀድማት የለም፤ በግብረገብ ወድቃለች።

ክቡር ሆይ፣ ቡድንዎ ሲሸኝ የሆነውን ላለመጻፍ ብዙ ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። እንግዳ አክባሪነት የአካባቢያችን ወግ ነውና፣ ከትምህርት ቤታችን አንድ ሰው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጠብደል ያለ ዙርባ፣ ያ ለኢሱዙው ተመርጦ የሚታሰረውን ጫት ማለቴ ነው፣ አምጥቶ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አኖረላቸው። እነሱም «ኧረ ምን አስቸገራችሁ» ብለው ተቀበሉ። ኩብራ ከግድግዳው ተጠግታ ቆማ ታይ ነበርና ቀሚሴን ሳብ አድርጋ «ቲቸር፣ ያንንስ ወድቆ ነው ያገኙት?» አለችኝ። ለማሽሟጠጥ አልነበረም፤ ሕጉ ግራ አጋብቷት ነው። መልሱን ስለማላውቀው ጥያቄዋን ወደ እርስዎ አስተላልፋለሁ። የመልስ ቁልፉ የሚገኘው በጽሕፈት ቤትዎ ነው።

አራተኛ፣ በበሩ ላይ ስላስለጠፉልን ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «በግብረገብ የወደቁ ተማሪዎች» ይላል፤ ሌላው ይማርበት ዘንድ ስማቸው በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከበላዩ በዚያው በር ላይ ዓምና ያስቀቡልን «አንድም ልጅ ከትምህርት ገበታ አይቀርም» የሚለው መፈክር አለና አንዱ ሌላውን ደግፎ ቆሟል።

የኩብራ እናት ማንበብ አትችልም። ማስታወቂያው የተለጠፈ ቀን ልጇን ይዛ ከበሩ ፊት ቆመችና «ምን ይላል?» አለቻት። እኔ ከግቢው ውስጥ ሆኜ አይ ነበር። ያቺ ወላጇን ትዋሻለች የተባለች ልጅ «አልፌያለሁ ይላል» ብትላት ማን ያውቅባት ነበር? ኩብራ ግን ጣቷን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደች እንደተጻፈው፣ አንድ ፊደል ሳትስት አነበበችላት። ማንበብ ያስተማርናት እኛ ነን። ጥሩ አድርገን አስተምረናታል።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ የተቀመጠችበትን ዱካ ለእኔ ለቅቃ መሬት ተቀመጠች። እንድትደግም ፈቅጃለሁ በዪኝ ብዬ ብለምናት «ልጄ፣ በቁጥር ወድቃ ቢሆን ትደግም ነበር። በባለጌነት ወደቀች ተብሎ በር ላይ ተጻፈባት። በዚያ በር በየቀኑ ግቢ እንዴት ልበላት?» አለችኝ። ከዚያም ጭሮ ያለችው የአጎቷ ሚስት ልጅ የሚይዝላት ሰው እንደምትፈልግና ደጋግማ እንደላከችባት ነገረችኝ። «ምዝገባው እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። ስሟ ከበሩ ላይ ከወረደ ትማራለች፤ ካልወረደ ትሂድ። እዚያ ቢያንስ ትበላለች።» ኩብራ ፍየሏን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።  ከዚያን ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ከበሩ በስተቀር በሌላ ቦታ ሁሉ አያታለሁ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሰላም ትለኛለች።

እኔም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተመላለስኩ። የግብረገብ ቅሬታ የሚታየው በእርስዎ ብቻ ነው ተባልኩ፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ ስብሰባው ስለ ምንድነው ብል ስለ ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች ነው ተባልኩ። ከሚያቋርጡት አንዷ በትምህርት ቤታችን በር ላይ እየተሠራች ነው ብዬ ልልክብዎት ፈልጌ ነበር፤ ጥበቃው ግን ስብሰባ ማቋረጥ ነውር ነው አሉኝ፤ ነውርን ማስተማር ደግሞ የእኔ ሥራ ነውና ተመለስኩ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም፤ ምሳም የሌላ ዘርፍ መሆኑን አልዘነጋሁም። ምዝገባው ሳይዘጋ የኩብራ ስም ከዚያ በር ላይ ይውረድ፤ እርስዎም ወገብዎ ሲፈቅድ መጥተው ልጅቷን ራስዎ ይስሟት። አንድ ፊርማ ነው። ግብረገብ ይቅር የምትል እንዳልመስልዎት፤ ልጆቹ ከእነ ግብረገባቸው ነው የሚመጡት፣ ረኀባቸውን እንደሚያመጡ እሱንም ከቤት ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ ሁለቱንም አላየን ብለን የመጽሐፉን ልጅ እንቁላል እናሳያቸዋለን። ሹም ሆይ፣ ልጆቹ በእርስዎ ሸራ ዙሪያ ቁጢጥ ብለው ተቀምጠዋል። የማንንም አልነኩም። ለሌላው ተመርጦ ከታሰረው የተረፈውን ነው የሚጠብቁት፤ እሱንም ሳይራገፍ አይነኩም። እርስዎ ግን ሸራውን ከእነ ገራባው ጠቅልለው በብብትዎ ይዘው ሄዱ። ይህን በጫት ተራ ያደረገ ነጋዴ እስካሁን አልሰማሁም።

መምህርት ሙሉወርቅ ይህንን ደብዳቤ አንብባ «ዝውውርሽን ካገኘሽ በኋላ ብትጽፊው ምናለበት» ብላኝ ነበር። ቆይታ ግን ለለቅሶ ያስቀመጠችውን እጇን አውጥታ ከስሜ ሥር ፈርማለች። ክፉ ሴት አልነበረችም።

መንገዱ ቀንቶልዎ፣ ስብሰባዎ አጥሮልዎ፣ ወገብዎ ጸንቶልዎ፣ ከልጆችዎ ጋር ቁርስዎን በሥርዓት የሚመገቡበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ ማሻሻያዎን ከልቤ ያጨበጨብኩልዎ፣ ዛሬም እጄን ምን ላድርገው የምል ታዛዥዎ፣

ሚልካ ደበሌ
የግብረገብ መምህርት

ሙሉወርቅ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ በር፣ ከማስታወቂያው አጠገብ እንዲለጠፍ
ለጫት ተራ ነጋዴዎች፣ ሸራቸውን እስካሁን ስላራገፉ ከምስጋና ጋር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልጨርስ ምዝገባው ተዘጋ። ቢሆንም ልመናዬን አልሰረዝኩትም፤ በኮምፒዩተር ላስጽፈውና ላባዛው ወደ ጭሮ ወረድኩ። ካስጻፍኩበት ሱቅ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ፣ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ኩብራ አዲስ የደንብ ልብስ የለበሰ ትንሽ ልጅ ቦርሳ አንግታ፣ ተንበርክካ የልጁን ጫማ በሻርፗ ጫፍ ስታብስ አገኘኋት። ልጁ ገባ፤ እሷ በሩ ላይ ቀረች። ስታየኝ ሮጣ መጣች። እናቷን ጠየቀችኝ፣ ፍየሏን ጠየቀችኝ። እመለሳለሁ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ስሜ ከበሩ ላይ ወርዷል?» አለችኝ።

«ወርዷል» አልኳት።

ሳቀች። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የወረዳዎ የግብረገብ መምህርት በጠራራ ፀሐይ፣ በአስፋልት ዳር፣ የሕፃን ዓይን እያየች ዋሽታለች። በመመሪያዎ መሠረት ወድቄያለሁና ስሜን ከኩብራ ስም ሥር ያስጽፉልኝ። ያ ከከበደዎት ግን የእሷን ያስወርዱትና የነገርኳት እውነት ይሁን።